ሐሙስ ይሸጣል

ታናሽ ወንድሜ የተመረቀ ቀን የተነሳው ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባታችን አለ፣ እናታችን አለች፣ እህታችን አለች፣ ጎረቤት ሳይቀር አለ። እኔ የለሁም። ካሜራውን እኔን ነበር ያስያዙኝ። «አንተ በያጅ ነህ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። ያን ጊዜ ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ነው።

ቂም አልያዝኩም ብል የሚያምነኝ የለም፤ ይዣለሁ። ግን ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ፣ ስለ ቢትኮይኑ ሳወራ ሰው «የእናቱን ልጅ እንዴት እንዲህ ይጠረጥራል?» ይለኛል። ጥርጣሬ ከሜዳ ተነስቶ አይመጣም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እሱ እንዲቀጥል ነው። ቀጠለ፤ ኦዲተር ሆነ። የሰው ሒሳብ እየመረመረ ይበላል። የእኔንና የእሱን ሒሳብ ግን እስካሁን የመረመረ የለም።

አባታችን ሲሞት ቤቱ ተሸጠና ለሦስት ተካፈልን። እኔ ድርሻዬን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ዓላማ ነበረኝ። በኪራይ የምሠራበትን ወርክሾፕ አንድ ቀን ባለቤቲቱ ስትሸጠው እገዛዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያች ወርክሾፕ ውጭ በዚህ ዓለም ላይ የኔ ልለው የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

አንድ እሑድ ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠራን። የሚስቱ ወንድም አለ፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የሚስቅ ሰውዬ ነው። ወንድሜ መሃል ላይ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ድርሻህን ምን አደረግከው?» አለኝ።

«አስቀምጬዋለሁ።»

«የት?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ እንጂ ምስጢር መስፋት አታውቅም። «የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነዋ፣ አልጋ ሥር።»

«ታዲያ ቀለሙ ደርቋል?» አለ የሚስቱ ወንድም።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ባለቤቴ ራሷ ሳቀች። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም፤ ይልቅ እንደ ሐኪም ፊቱን አኮሳተረብኝ። ይህ ደግሞ ከሳቁ ባሰ።

«አምና አንድ ላሜራ በስንት ነበር የምትገዛው?» አለኝ። ነገርኩት። «ዘንድሮስ?» ነገርኩት። «አየህ፣ ቆርቆሮህን ማንም ሳይነካው ገንዘብህ እየቀለለ ነው።»

ይህቺ ነገር እውነት ነበረች።

ከዚያ ስለ ቢትኮይን አወራ። ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ሃያ አንድ ሚሊዮን ላይ ያበቃል፣ የትኛውም መንግሥት ተነስቶ አያትመውም አለ።

«የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

«የትም አይደለም። ሁሉም ቦታ ነው።»

«እንደ እግዜር?» አለች ባለቤቴ።

«ኃላፊው ማነው?» አልኩት።

«ኃላፊ የለውም። ጥቅሙም እሱ ነው።»

«እና ገንዘቤ ሲጠፋ የማንን አንገት ነው የማንቀው?»

«የማንንም አታንቅም፣ ጋሼ።»

«እኔ አንቄ የምጠይቀው ሰው የሌለበት ነገር አልወድም።»

ሐቁን ልናገር፣ አደጋውን አልደበቀኝም። ሊወርድ ይችላል አለ። በጥቂት ወር ውስጥ ግማሹ ሊጠፋ ይችላል፤ መግቢያ ኮዱ የጠፋበት ሰው የሚከፍትለት የለም፤ አጭበርባሪው ብዙ ነው። «ቢጠፋ የማይጎዳህን ብቻ ነው የምታስገባው» አለ። ወሬው እዚያ ላይ ቢቆም ቆርቆሮዬ ዛሬም አልጋ ሥር በሆነች ነበር።

«ተወው እንጂ፣ አታስጨንቀው» አለ የሚስቱ ወንድም። «ሰው እንደ አቅሙ ነው።»

እንደ አቅሙ! በማግስቱ ቆርቆሮውን እንዳለ ተሸክሜ ሄጄ የወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። «አስገባው» አልኩ። «ሁሉንም?» አለ። «ሁሉንም። የአንተን ካስገባህ የእኔን ምን ያንሰዋል?»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እሱ ቤት መሄድ ጀመርኩ። «አሳየኝ» እለዋለሁ፣ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል። ቁጥር ነው። ቁጥር ማንም ይጽፋል፤ እኔም ግድግዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ እችላለሁ። ከስልኩ ይልቅ ቤቱን ነበር የማየው። አዲስ ምንጣፍ ገብቷል። መጋረጃው ተቀይሯል። አንድ ቀን ኩሽናው ውስጥ እኔን የሚያክል ማቀዝቀዣ ቆሞ አገኘሁና ጎኑን በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ።

«ገንዘቤ እዚህ ውስጥ መሆን አለመሆኑን እያንኳኳሁ ነው።»

«ሲከፍትልህ ለእኔም ቀዝቃዛ ውኃ አምጣልኝ» አለችና ሄደች።

በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ ወጣ፤ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ያን ሰሞን ወንድሜ ሲራመድ እንኳ ከመሬት ከፍ ይል ነበር። «በል ሽጠዋ» አልኩት።

«በወጣበት አይሸጥም፣ ገና ይወጣል። ጠብቅ።»

ቀጥሎ ወረደ። በአንድ ክረምት ውስጥ እንዲህ ወርዶ ካስገባሁት በታች ሆነ። ሌሊት እየባነንኩ ስለ አንድ የማይታይ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ብረት ቢሆን በመዶሻ መታ አድርጌ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ይህ ድምፅ የለውም። «ሽጠው፣ የቀረውን ስጠኝ» አልኩት።

«በወረደበት አይሸጥም፣ ጋሼ። ጠብቅ።»

«ሲወጣም ጠብቅ፣ ሲወርድም ጠብቅ! ዘበኛ ነው እንዴ ያደረግከኝ?»

ይህ ሁሉ ሲሆን የወርክሾፑ ባለቤት መጣች። መድኃኒት ቤት ስላላት ሰፈሩ ሁሉ «ፋርማሲዋ» ነው የሚላት። በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ልሸጠው ነው» አለችኝ። «ቅድሚያ ለአንተ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣህ ግን የመኪና እጥበቱ ሰውዬ ገንዘቡን ይዞ ተቀምጧል።»

ያቺ ወርክሾፕ ስረከባት ጣሪያዋ የበሰበሰ እንጨት ነበር። «ያሳድሱልኝ» ብላት «እኔ ምን አገባኝ» አለችኝና፣ በራሴ የቱቦላሬ ብረት አዲስ ጣሪያ ሠራሁላት። የሚንሸራተተው ትልቁ በር የኔ ነው። የመስኮቱ ፍርግርግ የኔ ነው። ውላችን ላይ ግድግዳው የሷ፣ ብረቱ የኔ ተብሎ ተጽፏል። ይህን አስታውሱልኝ።

በዚያው ቀን ወንድሜ ቢሮ ሄድኩ። ሰው ፊት በሥራ ልብሴ መግባቴን አልወደደውም፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ገንዘቤን እፈልጋለሁ።»

«ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ጥቂት ሳምንት—»

«ጠብቅ ልትለኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«ያ ነገር የለም አይደል? ማቀዝቀዣ ሆኗል፣ መጋረጃ ሆኗል፣ በለኝና ይውጣልኝ!»

ፊቱ ቀላ። «ውጣ» አለኝ። ታላቁን! ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእህታችን በኩል ካልሆነ አንነጋገርም።

እህታችን ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከፋርማሲዋ መድኃኒት ቤት አጠገብ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል አገኘኋትና፣ «እህታለም፣ ሁለቱንም ጠይቂልኝ» አልኳት። «ያቺ ሴትዮ ቤቱን ለማን ልትሰጥ እንደሆነ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ገንዘቤን መቼ እንደሚሰጠኝ።»

«ያ ሰውዬ ስም የለውም?»

«ለእኔ የለውም።»

«ወንድምዓለም፣ አንተ ከራስህ ጋር ብቻህን ስትሆን የሚያስታርቅህ ማነው?» አለችኝና ሄደች።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ መልእክት ላከችልኝ። እነሆ፣ ቃል በቃል፦ «ሐሙስ ይሸጣል። ጠብቅ፤ አትበሳጭ።»

ይሸጣል። ይህን ቃል በሕይወቴ ተጽፎ ያየሁት የት ነው? መኪና መስታወት ላይ ነው። ቤት በር ላይ ነው። «ይህ ቤት ይሸጣል።» ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ እንዳየሁት አነበብኩት፦ ወርክሾፑ ሐሙስ ሊሸጥ ነው፤ ለእጥበቱ ሰውዬ። «አትበሳጭ» ማለቷ ደግሞ ነገሩን ዘጋው። ደስ የሚል ወሬ ቢሆን ለምን አትበሳጭ ትለኛለች?

ደወልኩላት። ሥራ ላይ ስልክ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፍባቸው፤ አላነሳችም። እልኸኛነቴን ውጬ ለወንድሜም ደወልኩ። ዝግ ነው። አየህ፣ አልኩ ለራሴ። ስልኩን ዘግቷል። ዓይኔን ማየት ፈርቷል። ሁለተኛ ለማንም አልደወልኩም።

«ነገ ጠዋት ራስህ ሄደህ አትጠይቃትም?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ልለምናት?»

«ልትጠይቃት።»

«ለእኔ አንድ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያ በሩን ነቀልኩት። የብረት መቁረጫው ግራይንደር የበሩን ሐዲድ ሲነካ የወጣው ፍንጣሪ አንጀቴን አራሰው። ቀጥሎ ፍርግርጉን። ከዚያ መሰላል አቁሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮውን ፈታሁ፣ የገዛ ብየዳዬን በገዛ ዲስኬ እየበጣጠስኩ ቱቦላሬውን አንድ በአንድ አወረድኩት። ጥሩ ብየዳ ነበር፤ አልበጠስ እያለ አስቸገረኝ። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ መጥቶ ሽቅብ አየኝ።

«ምነው፣ ለቀቅክ?»

«ብረቴን እየወሰድኩ ነው። የእጥበቱ ሰውዬ መኪና በዝናብ ይጠብ።»

«ከአንተ ጋር መጣላትስ ለጠላትም አይስጠው» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ግማሽ ሰማይ ሆኖ ነበር። ታክሲ ቆመ። ከላይ ሆኜ አየሁ፦ እህታችን ወረደች፣ ፋርማሲዋ ወረደች፣ መጨረሻ ላይ ወንድሜ። ብብቱ ሥር የፕላስቲክ ማኅደር ይዟል። ሦስቱም እግረኛ መንገዱ ላይ የተከመረውን ብረት አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ጋሼ…» አለ ወንድሜ፣ «ጣሪያው የት ሄደ?»

«መሬት ላይ ነው። አይታይህም?»

«ምን ሆነህ ነው፣ አንተ ሰው?» አለች ፋርማሲዋ።

«ብረቴን እየወሰድኩ ነው፣ እትዬ። ውሉን ያንብቡት። ግድግዳውን ለሸጡለት ሰውዬ ይስጡት።»

«የሸጥኩት ለማን ሆነና?»

«ለእጥበቱ ነዋ!»

«የምን እጥበት! ለአንተ እኮ ነው የሸጥኩት! ወንድምህ አሁን ከፍሎኝ መምጣቱ ነው። የቀረው ያንተ ፊርማ ነው።»

ግራይንደሩ እጄ ላይ ይሽከረከራል። አጠፋሁት። ዝም ሲል የበለጠ ከፋኝ፤ ሳቋ ተሰማኛ። ፋርማሲዋ ቦርሳዋን አቅፋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የራሱን ቤት! በገዛ እጁ! እኔ እንኳ ስንት ተከራይ አይቻለሁ…» መጨረስ አቃታት። ጎሚስታው ሊሰማ ወጣ።

ከመሰላሉ ወርጄ ስልኬን እህቴ አፍንጫ ሥር ደገንኩት። «ይሸጣል አላልሽም? እዚህ ላይ አልጻፍሽም?»

«ይሸጣል ነዋ ያልኩህ!» ሸን አላላችው። «እሱ! ሐሙስ እሱ ይሸጣል! ቢትኮይኑን!»

«ይሸጣል ነው የሚለው!» ሸን አጠበቅኩት። «ቤቱ ይሸጣል!»

«ይላላል!»

«ይጠብቃል!»

«እኔ አላልቼ ነው የጻፍኩት!»

«ወረቀት ላይ በምን ይላላል? በምን ላውቅ ነው? አስተማሪዬ ይህን ሊያስረዳኝ ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆብኝ ነው ያልገባኝ፣ አንቺ በስልክ ልታስረጂኝ?»

«ታዲያ ጠብቅ አላልኩህም? ጠብቅ! ይኼኛው ምኑ ይጠፋል?»

ዞሬ ወንድሜን ያዝኩት። «አንተስ ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«ይህን ነገር ልሸጥ ስነሳ አጭበርባሪ በዛብኝ። ሲደውሉ፣ ኮድ ላክ ሲሉኝ፣ ዘጋሁት። ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ለማንም አልከፈትኩም።» ላብ በላብ ሆኗል። «አንተ ብቻ ነህ የምትጠራጠር መሰለህ?»

«ካስገባሁት በላይ ወጣ በታች?»

«በትንሹ በላይ። ሰሞኑን ተመልሶ ነበር፤ ሁሉንም ሸጥኩ። ግን ቤቱ ከዚያ በላይ ተወድዷል።»

«ታዲያ በምን ሞላኸው?»

ማኅደሩን ከብብቱ አወጣ። እህታችን መለሰች። «መኪናው የት አለ? በታክሲ ለምን የመጣን ይመስልሃል?»

እንግዲህ ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው አውቃለሁ፤ ተዘጋጅቼበታለሁ። ባለውለታ ሆኖ ሲመጣብኝ ግን የት ላስቀምጠው? ዕድሜ ልኬን የማስበው ፎቶ አንሺው እኔ መሆኔን ነው፤ አሁን ደግሞ የመኪናው ነገር ይጨመርበታል። ሆን ብሎ አድርጎት ይሆን? አልኩ። ልትቀዘቅዝልኝ ያልቻለች ጥያቄ ናት። ቢሆንም ፈረምኩ። ብዕሩ ላይ የብረት ጥላሸት ቀረ፤ ፋርማሲዋ በሶፍት ጠርጋ ወሰደችው።

በሳምንቱ ቢትኮይን ወጣ። ጎሚስታው ነው የነገረኝ፤ ከሬዲዮ ሰምቶ። ምን ያህል እንደወጣ ጠየቅኩትና በጠመኔ ግድግዳዬ ላይ አሰላሁት። ጥቂት ቆይተን ብንሸጥ መኪናው አይነካም ነበር፤ ጣሪያው በአዲስ ላሜራ ይሠራ ነበር። ያን ዕለት ማታ ይህንኑ ለባለቤቴ ጀመርኩላት።

«በዚህ ቤት የዚያን ነገር ስም ያነሳ ራቱን በረንዳ ላይ ይበላል» አለችኝ። በረንዳ ላይ በላሁ። እዚያም ሆኜ አሰብኩ። ቁጥሩ በማግስቱ ደግሞ ወረደ፤ ተመስገን አልኩ። ቀጥሎ ወጣ። ይህ ነገር ከሸጡትም በኋላ አይለቅም ማለት ነው። ሲያስገቡት የሚነግሩን ይህን አይጨምርም።

ጣሪያውን መልሼ የጀመርኩት ቅዳሜ ነው። ብቻዬን ረጅሙን ቱቦላሬ ማንሳት አልችልም። ወንድሜ ሳልጠራው መጣ፤ አሮጌ ሱሪ ለብሷል፣ በእግሩ ነው የመጣው። ታረቅን አልተባባልንም። መሰላሉን አሳየሁት፣ ወጣ። ከአናቱ በላይ ቱቦላሬውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘልኝ።

«ዓይንህን ጨፍን። ብርሃኑን እንዳታይ።»

«አላይም።»

አየ። የተማረ ሰው አትይ ሲሉት ያያል። ዓይኑን እያሸ፣ «እስከ መቼ ነው የምይዘው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ሁለቱም እጆቹ ብረቱ ላይ ናቸው። አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ኪሱን ሊያይ ሞከረ፤ ቱቦላሬው ተዛነፈ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ!»

«ይዣለሁ። ጋሼ፣ እስኪ አንዴ እይልኝ፤ ወጣ ወረደ?»

«ምኑ?»

ዓይኑን ወደ ቱቦላሬው መለሰ።

«ሁሉንም ሸጥኩ አላልከኝም?»

«ሸጫለሁ።»

«ታዲያ የምታየው ምኑን ነው?»

«ልማድ ነው፣ ጋሼ። ክንዴን ደከመኝ፤ ልልቀቀው?»

ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከብየዳው ይሁን ከሌላ አላወቅኩም። ስልኩ ደግሞ ነዘረ። መነጽሬን አወረድኩ።

«እስኪጠብቅ ጠብቅ» አልኩትና ብየዳውን ለኮስኩ። አልቸኮልኩም።